የዶን ቴዎዱሎ አራት ማዕዘን

ሚላኖ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2022

የአጎቴ ልጅ የልጅ ልጅ ለሆንሽው ለሚሌንካ፣

የሰማዕቱ የቅዱስ ሴባስቲያን ጥላ አይለይሽ። እኔ በዚህ በሠለጠነ አገር በሙሉ ጤንነት እገኛለሁ፤ የምመራው ሕንፃም ደህና ነው። እህቴን ሶሲማን ሳሚልኝ። ደብዳቤ እንደማትወድ ስለማውቅ ለእሷ አልጻፍኩም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስሜ ድረ ገጽ እንዳለኝ ሳትሰሚ አትቀሪም። የሠራው ልጅ የባሕር ጠረፍ ተወላጅ ነው፤ ከጠረፍ ሰው ምን ይጠበቃል? ፎቶዎቼን እንደ ድንች ከጆንያ አራግፏቸዋል። በክብር ልብስ የተነሳሁት ፎቶ ከአንድ የሩዝ ሳህን ጎን ተቀምጧል። አንቺ በኮምፒውተር እንደምትራቀቂ እናትሽ ከሊማ ጽፋልኛለች። ጋለሪዬን ሥርዓት አስይዢልኝ።

ለምን አሁን ትዪ ይሆናል። የጭፈራ ማኅበራችን በመጪው ጃንዋሪ ሃያ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከብራል። ሊቀ መንበሩ ዶን አቢሊዮ አዲስ ባንዲራ እያሠራ ነው። ባንዲራው ላይ እስከ ዛሬ አቻ ያልተገኘለት የ1979ኙ የጭፈራ ልዑል ስም በወርቅ ክር ይጠለፋል፤ ያ ሰው በቱናንታዳ፣ በጭንብል ጭፈራችን ሰልፍ፣ ፊት ፊት እየጨፈረ አደባባዩን ይዞራል። የ1979ኙ ልዑል ማን እንደነበረ በትውልድ ከተማችን በሃውሃ የማያውቅ ድመት እንኳ የለም። እኔ ነኝ። ነገር ግን ጭንብል ጭንብል ነውና፣ ዶን አቢሊዮ «ለወጣቶቹ ማስረጃ ይሁን» ብሎ ገጼን በአደባባይ ሊያስመርቅልኝ ወስኗል።

ስትጨርሺ አዲስ ላፕቶፕ እልክልሻለሁ።

አጎትሽ
ዶን ቴዎዱሎ ኢንጋ ሶላኖ


ሃውሃ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2022

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን ቴዎዱሎ ኢንጋ ሶላኖ፣

(ስምዎን በሙሉ የጻፍኩት ገጹ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ስላየሁት ነው፤ አሥራ ሁለተኛው በኔ እንዳይጎድል ብዬ።)

ሰማዕቱ የእርስዎንም የሕንፃዎንም ጤና ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። አክስት ሶሲማም ደህና ናት። ሰላምታዎን ባደርስላት «እህ» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የተቀየመች አይመስለኝም፤ ስትቀየም ሁለት ጊዜ ነው የምትለው።

ገጹን አየሁት። እውነትዎን ነው፣ የድንች ጆንያ ነው። አርባ ሦስት ፎቶ አለ። በሠላሳ ስምንቱ ላይ እርስዎ አሉ፤ በቀሩት አምስት ላይ መኪናዎ። አምስቱም መኪኖች ግን ይለያያሉ። ሀብትዎ እንዲህ መብዛቱን ባለማወቄ ይቅርታ።

ሦስት ዓይነት አደራደር አለ፤ ይምረጡ። በአንደኛው ፎቶዎቹ እንደ ድንጋይ ካብ ይደረደራሉ። ረጅሙም አጭሩም እንደ ተፈጥሮው ይቀመጣል፣ ማንም አይቆረጥም። በሁለተኛው አንድ በአንድ እያለፉ ይታያሉ፤ ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። በሦስተኛው ሁሉም እኩል አራት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ከሩቅ ያምራል፣ ግን ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ይቆረጣል። እኔ የምመክርዎ የመጀመሪያውን ነው።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ጥቁር ቀለም እወዳለሁ።

ታዛዥዎ
ሚሌንካ


ሚላኖ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2022

ለሚሌንካ፣

ምክር የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በዚያ ቤት ገና ጥርስ ሳታወጪ ሚላኖ ደርሻለሁ።

አራት ማዕዘን ይሁን። የድንጋይ ካብ ለበጎች ነው። ጠርዝ ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ ጠርዝ ላይ የቆመበት ምክንያት አለው፤ ቢቆረጥ አገር አይፈርስም።

በሶሲማ መመገቢያ ክፍል ከሰማዕቱ ሥዕል ሥር በክፈፍ የተሰቀለውን የ1979ኙን ፎቶ አንሺና ከሁሉም በላይ፣ ከሁሉም ፊት አድርጊው። መጠኑ የሌሎቹን አራት እጥፍ ይሁን። ከክፈፉ ሳታወጪ አንሺው። ፎቶው አርጅቷል፤ የሴት ልጅ ጣት አይችልም።

ስለ ላፕቶፑ አስቤበት ነበር። ለዕድሜሽ ታብሌት ይበቃል። የኔው አለ፣ ጥቂት ብቻ ነው የተሰነጠቀው።

ዶን ቴዎዱሎ


ሃውሃ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2022

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰማዕቱ ዕድሜዎን እንደ ስምዎ ያርዝምልዎ።

እንዳዘዙኝ ከክፈፉ ሳላወጣ ሞከርኩ። መስታወቱ የኔን ፊት እያንጸባረቀ ልዑሉ ላይ የኔን ቁንጮ አበቀለበት። ስለዚህ አወጣሁት። የሴት ልጅ ጣቴን ታጥቤ ነበር፣ አይስጉ።

ፎቶው ከክፈፉ ይሰፋል። በቀኝ በኩል አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ታጥፏል። ገለጥኩት። ልዑሉ በሽቦ ወንፊት ጭንብሉ፣ በላባ ባርኔጣው፣ በጥልፍ ካባው መሀል ላይ አለ፤ እግሩ መሬት አልነካም። ሃውሃ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው። በታጠፈው በኩል ደግሞ አንድ ጎረምሳ የቢራ ሳጥን ታቅፎ ቆሞ ወደ ልዑሉ ያያል። አፉን ከፍቷል። ጆሮዎቹ የድስት እጀታ ይመስላሉ። አጎቴ፣ ይህ ልጅ ማን ይሆን?

አክስት ሶሲማን ጠየቅኋት። «ፎቶውን ወደ ቦታው መልሺ» አለችና ዶሮዎቿን ልትመግብ ወጣች። ከመገበቻቸው ገና ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው። ዶሮዎቹ ራሳቸው ግራ ገባቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ይህን በደንብ ያንብቡልኝ። አራት ማዕዘኑ የሚቆርጠው ለዓይን ብቻ ነው። ፎቶውን በጣት ሲነኩት ሙሉው ይከፈታል፣ ያ የሳጥን ልጅም አብሮ። ይህን ልዝጋው ወይስ ልተወው? መዝጋቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ታብሌቱ የተሰነጠቀው በየትኛው በኩል ነው?

ሚሌንካ


ሚላኖ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2022

ለሚሌንካ፣

ለአንድ ወር ያልጻፍኩት ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ሕንፃ መምራት ድንች እንደ መንቀል አይደለም።

የሳጥኑ ልጅ ማንም አይደለም። ሳጥን ተሸካሚ ነው። በየበዓሉ እንዲህ ያለ አንድ ጅል አይጠፋም። በሱ የተነሳ ደብዳቤ መጻፍሽ ጊዜ እንደተረፈሽ ያሳያል።

ስለ መንካቱ ደግሞ አሳቅሽኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ታላላቅ ሙዚየሞች አሉ፤ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመለከታል፣ ያደንቃል፣ ይሄዳል። ሥዕል የሚነካ ሰው አይቼ አላውቅም። የኔን ፎቶ ማን ይነካዋል? በሠራተኛ ጥያቄ አታድክሚኝ። አራት ማዕዘን ብያለሁ፣ አራት ማዕዘን አድርጊ። ሌላውን እንዳለ ተዪው።

ታብሌቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ጥሩ የክረምት ጃኬት አለኝ፣ እሱን እልክልሻለሁ።

ዶን ቴዎዱሎ


ሃውሃ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2022

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዳለ ተውኩት። በጽሑፍ ስላዘዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ደብዳቤውን አትሜ አስቀምጫለሁ።

ሌላም ነገር። የሚመሩትን ሕንፃ ለማየት ጓጉቼ በኢንተርኔቱ የመንገድ ካርታ ላይ አድራሻዎን ፈለግሁ። ያምራል። በሩ ላይ አንድ ሰው በጎማ ውሃ ደረጃውን ያጥባል። ካርታ ሠሪዎቹ የሰዎችን ፊት ያደበዝዛሉ፤ ጆሮ ማደብዘዝ ግን ረስተዋል። አርባ አራተኛ ፎቶ ላድርገው? ከሠላሳ ስምንቱ ሁሉ እውነተኛ ሥራ የሚሠሩበት እሱ ብቻ ነው።

ሚሌንካ


ሚላኖ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2022

ለሚሌንካ፣

ያ ሰው ሠራተኛዬ ነው። አንዳንድ ሰው ይመሳሰላል።

ለምርቃቱ መመሪያዬ እነሆ። የገጹ የክርስትና አባት ዶን አቢሊዮ ነው። እንደ ልማዳችን በመዶሻ የሚሰበረው የሻምፓኝ ጠርሙስ በአገራችን ቀለም ጥብጣብ ይንጠልጠል። የላክሁትን ንግግር አንቺ ታነቢዋለሽ፤ «መሬት እግሬን የነካችው በምሕረቴ ነው» የሚለው ቦታ ላይ ትንሽ ቆም በዪ፣ ሰው ያጨበጭባል። ሶሲማ ፊት ወንበር አትቀመጥ፤ ፊቷ ሁልጊዜ የኮሶ ፊት ነው፣ ደስታ ያበላሻል።

የባንዲራው ጥልፍ ሠሪ እስከ ዲሴምበር አሥራ አምስት ስም ትፈልጋለች። ምርቃቱ እንዳለቀ ዶን አቢሊዮ ስሜን ይሰጣታል። እኔም የአውሮፕላን ትኬቴን ቆርጫለሁ።

ጃኬቱ ለኔው ስለሚያስፈልገኝ በካቴድራሉ ጸሎት አደርስልሻለሁ። ይህ በገንዘብ አይገመትም።

ዶን ቴዎዱሎ


ሃውሃ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2022

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰማዕቱ ቀስት ሲዘንብበት የነበረውን ትዕግሥት ለእርስዎም ያድልልኝ፤ ዛሬ ያስፈልግዎታል።

ምርቃቱ ትናንት ከሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ተደረገ። ሰማንያ ያህል ሰው መጣ፤ ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለድንቹና ለአይብ ስልሱ። የአክስት ሶሲማን አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረን ገጹን አበራንበት። ዶን አቢሊዮ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ለጣሪያ፣ ለማሊያ፣ ለአንድ የወፍጮ ሞተርም የክርስትና አባት ሆነዋል፤ ድረ ገጽ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ጠርሙሱን በቀጥታ ከማኅበሩ ላፕቶፕ በላይ አንጠለጠሉት።

«ዶን አቢሊዮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይፈሳል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሳይረጥብ የተመረቀ ነገር በረከት የለውም» አሉኝ።

ላስቲክ አለበስኩት። የመጀመሪያው መዶሻ ጠርሙሱን ሳተ። ሁለተኛው የማኅበሩን ጸሐፊ ክርን አገኘ። በሦስተኛው ተሰበረና አረፋው ከረባታቸውን አጠበው። ተጨበጨበ። ንግግርዎን አነበብኩ። መሬትና ምሕረት የሚለው ቦታ ላይ እንዳዘዙኝ ቆም አልኩ፤ አንድ ሰው አስነጠሰ፣ ሳቅ የመሰለ ማስነጠስ።

ከዚያ ዶን አቢሊዮ እጃቸውን አነሡ። «የክርስትና አባት መርቆ ብቻ አይሄድም! በሩንም ይከፍታል!» አሉና ላፕቶፑ ላይ በጣታቸው ትልቁን ፎቶ ነኩት። እርስዎ ሙዚየም ውስጥ ኖረው ረሱት እንጂ፣ እኛ ዘንድ የተመረቀ ነገር ሳይከፈት ማን ይለቃል?

ተከፈተ። አንሶላውን ሞላው።

ከዚያ ከኋላ ተጀመረ።

«ያ ሳጥን የታቀፈው ቴዎዱሎ አይደል እንዴ?»

«የቱ?»

«አፉን የከፈተው! ጆሮውን እየው!»

«አዎ በማርያም! የኢንጋዎች ጆሮ ነው፣ ያለ ስልክ ሊማን የሚሰማው!»

«ታዲያ ልዑሉ ቴዎዱሎ ከሆነ ሳጥኑን የያዘው ማነው?»

«መንታ ነበረው?»

«አንዱስ መች አነሰንና!»

ዶን አቢሊዮ መነጽራቸውን ጠርገው አንሶላው ድረስ ሄዱ። ተመለሱና ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ የኮምፒውተር ተንኮል ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። ፎቶው ሲነሳ ጀምሮ እንዲህ ነው። እኔ ዶን ቴዎዱሎ በጽሑፍ ያዘዙኝን ነው የሠራሁት፤ ደብዳቤው ይኸው።»

አነበብኩላቸው። ሳጥን ተሸካሚው ማንም አይደለም፣ ጅል ነው የሚለውን አንቀጽ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«እንግዲያ ጭንብሉ ውስጥ ያለው ማነው?» አሉ ዶን አቢሊዮ።

አክስት ሶሲማ ባዘዙት መሠረት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንቿን ትበላ ነበር። ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። አፏን ጠረገች።

«ያ ባርኔጣ አራት ኪሎ ነበር» አለች። «ሳምንት ሙሉ አንገቴ አልዞር ብሎኝ ከርሟል።»

ከዚያ ሳህኗን አንስታ መብላቷን ቀጠለች።

ጠላፊዋ የወርቁን ክር ገዝታ ስም እየጠበቀች ነው። ምን ልበላት?

ሚሌንካ


ሚላኖ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2023

ሚሌንካ፣

አልመርቅሽም። ምርቃት ለሚያከብር ነው።

አንቺ ተንኮለኛ፣ ያየሽ መስሎሻል። ያየሽው አራት ጣት ወረቀት ነው። የቀረውን እኔ ልንገርሽ።

ያ ልብስ የተከራየው ለኔ ነበር። ጠዋት አደባባዩ ሞልቶ፣ ሳክስፎኖቹ ጀምረው፣ መውጣት አቃተኝ። ግድግዳ ተደግፌ አስታወክሁ። ሶሲማ ጭንብሉን ከእጄ ነጠቀችኝና «ወይ አንተ፣ ወይ እኔ፤ ልብሱ ባዶውን አይወጣም» አለች። በዚያ ዘመን ሴት በቱናንታዳ አትጨፍርም ነበር። የሴቶቹን ቦታ እንኳ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ የሚይዙት። እሷ ገባች፣ እኔ ሰው እንዳይጠይቀኝ የቢራ ሳጥን አነሳሁ።

በማግስቱ «ልዑሉ ሴት ነበር» የሚል ሐሜት ተነሳ። የያኔው ሊቀ መንበር ቤተሰባችንን ሊያባርር ማለ። አባታችን ቢሰማ ሶሲማ ያን ቀን ከቤት ወጥታ ነበር። «አንተ ነበርኩ በል» ብላ የለመነችኝ እሷ ናት። አልኩ። ፎቶውንም ያጠፍኩት ለእሷ ብዬ ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ጠበቅኋት። አንቺ ግን በአንድ ቀን ምርቃት ሁሉን አፈረስሽው።

ለበዓሉ አልመጣም። ትኬቱን ሰርዣለሁ።

ቴዎዱሎ


ሃውሃ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2023

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎን ለአክስት ሶሲማ አነበብኩላት። «እውነቱን ነው» አለች። ቀጥላም «እህ» አለች። ቀጥላም «እህ»።

ስለዚህ አምንዎታለሁ። ያን ቀን ዋሽተው እህትዎን አዳኑ፤ ደግ ሥራ ነው፣ ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር። ግን ይንገሩኝ፣ ጥበቃው መቼ አለቀ? ያ ሊቀ መንበር ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። አባታችሁ ከሞቱ ሃያ ስድስት። ሴቶች በልዑል ልብስ መጨፈር ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጨፍሬአለሁ፣ ማንም አልተባረረም። ጎርፍ ሲመጣ የጎረቤትን በግ አስገብቶ ማሳደር ደግነት ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በጉን ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ ጠብሶ እንግዳ መጋበዝ ግን ሌላ ስም አለው።

ደግሞ ይህ ጭፈራ በስፔን ጌቶች ላይ ለመሳለቅ የተፈጠረ ነበር። አያቶቻችን ያን ካባ የለበሱት «እዩአቸው እነዚህን ትዕቢተኞች» ለማለት ነው። እርስዎ ለብሰውት ሳይጨፍሩ ትዕቢቱን ብቻ ይዘው ሚላኖ ገቡ።

በዚያው በምርቃቱ ሳምንት ዶን አቢሊዮ ኬክ ይዘው ቤት መጥተው ነበር። «ዶኛ ሶሲማ፣ ይቅርታ፣ አላወቅንም» አሉ። «ማወቁ መች አቃታችሁ፣ መጠየቁ ነው እንጂ» አለቻቸው። ከዚያ ስሟን እንዴት እንደሚጠልፉት ጠየቁ። «ሙሉ ስሜን። ክሩ ካነሰ ከሊቀ መንበሩ ስም ቀንሱ።» ኬኩን ተቀብላ በሩን ዘጋች።

ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፊት ፊት ልትጨፍር ወስናለች። በየጠዋቱ በዶሮዎቹ መሀል ትለማመዳለች።

ገጹ የእርስዎ ነው፤ በሰው ገጽ ላይ አላዝም። ፎቶውን አጥፊው ካሉኝ አጠፋዋለሁ። በጽሑፍ ይዘዙኝ።

ሚሌንካ


ሚላኖ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2023

ሚሌንካ፣

ፎቶውን አታጥፊው። አራት ማዕዘኑን አንሺው። እንደ ድንጋይ ካቡ ይሁን።

ጨፈረች ወይ? ጉልበቷስ ቻለ? የካልሲዋን ማሰሪያ ማን አሰረላት? ያን ጊዜ ያሰርኩላት እኔ ነበርኩ፤ አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ አስሬዋለሁ።

ቴዎዱሎ


ሃውሃ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2023

አጎቴ፣

ጨፈረች፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጉልበቷ ቻለ፤ ያልቻለው የዶን አቢሊዮ ነው፣ በሁለተኛው ዙር በወንበር አወጣናቸው።

ማሰሪያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አደባባዩ መሀል ተፈታ። ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወረደ፤ እሷ ግን አላቆመችም። ሕዝብ ሁሉ እየሰማ በወንፊቱ ውስጥ ጮኸችብኝ፦ «አንቺ ገልቱ! ያ ፈሪ እንኳ ካንቺ አጥብቆ ያስር ነበር!»

ሰላምታ ይሁን ስድብ አልገባኝም። እንዳለ አድርሻለሁ።

ሚሌንካ